ለትራውት የተሠራ ዘንግ በጎርጎራ ዳርቻ፦ የሁለት የዝንብ መንጠቆ ስብስቦች ግምገማ

ቀዝቃዛ ወንዝ ለሚወዱት ለትራውትና ለስቲልሄድ ዓሦች ማጥመጃ ተብለው ለጀማሪዎች የሚሸጡ ሁለት ስብስቦች (ዘንግ፣ ገመድ፣ ማጠንጠኛና ሰው ሠራሽ ዝንቦች) ከሲያትል በዘመድ ሻንጣ ደርሰውኝ፣ ከጎንደር ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ጎርጎራ፣ በጣና ዳርቻ ስሞክራቸው ከርሜአለሁ። አንደኛው ባለ 5 ቁጥር፣ ሁለተኛው ባለ 8 ቁጥር ነው። ፍርዴን ላስቀድም፤ ዘንጎቹና ገመዶቹ ደኅና ናቸው፣ በሳጥኑ የተጨመሩት ሰው ሠራሽ ዝንቦች ለጣና እምብዛም አይረቡም፣ አንዱን ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው ደግሞ የሚሻለው ባለ 8 ቁጥሩ ነው።

ዓሣን በመንጠቆ መያዝ ለጣና ዳር ሰው አዲስ አይደለም። በተለመደው አያያዝ ግን ክሩን ወደ ውኃው ይዞ የሚሄደው ከጫፉ የታሰረው ክብደት ነው። በዝንብ ማጥመድ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከላባና ከክር የተሠራው ዝንብ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ የሚወረወረው ገመዱ ራሱ ነው። ገመዱ በፕላስቲክ የተለበጠ ወፍራም ነገር ሲሆን፣ ቁጥሩ የሚያመለክተውም የመጀመሪያዎቹን 9 ሜትር ያህል ክብደት ነው፤ ባለ 5 ቁጥሩ 9 ግራም ገደማ፣ ባለ 8 ቁጥሩ ከ13 ግራም ተኩል ጥቂት የሚያልፍ ይመዝናል። ሁለቱም ዘንጎች ከካርቦን የተሠሩ፣ 2 ሜትር ከ70 ርዝመት ያላቸውና በአራት የሚፈታቱ በመሆናቸው በሚኒባስ ተሳፍሮ ጎርጎራ ለሚወርድ ሰው ሸክም አይሆኑም።

አወራወሩን መልመድ ጊዜ ይወስዳል። ዘንጉን ወደ ኋላ ከሳቡ በኋላ ገመዱ ከጀርባ እስኪዘረጋ መታገስ፣ ከዚያም ወደ ፊት ገፍቶ በድንገት ማቆም ያስፈልጋል። በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ሲያጮኽ ያደገ የጎንደር ልጅ ይህን ከማንም በፊት የሚይዘው ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጅራፍ የሚጮኸው ገመዱ ሳይዘረጋ ተመንጭቆ ሲመለስ ነውና፣ እዚህ ያ ጩኸት ከተሰማ ዝንቡ ከጫፉ ተበጥሶ ከኋላ ካለው ሣር ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ባለ 5 ቁጥሩ በዚህ ረገድ ለተማሪ የሚመች ነው፤ ለስለስ ብሎ ስለሚታጠፍ ክብደቱ መቼ እንደተጫነው እጅ ላይ በግልጽ ይሰማል። ትራውት በሚኖርበት ጠባብና ቀዝቃዛ ወንዝ፣ ለምሳሌ ከኬንያ የመጣው ትራውት ከተራባበት ከባሌው ወይብ ላይ፣ ከዚህ የተሻለ ዘንግ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ጣና ግን ወይብ አይደለም። ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት ውኃው ረግቶ ሲቆይ ባለ 5 ቁጥሩ ሥራውን ይሠራል፤ ነፋሱ ከሐይቁ መንፈስ ሲጀምር ግን ቀላሉ ገመድ ከፊት እየተጠቀለለ ወደ ወርዋሪው ፊት ይመለሳል፣ መንጠቆ ይዞ የሚመለስ ገመድ ደግሞ ለዓይን አስጊ ስለሆነ መነጽር ሳያደርጉ መሞከር አይገባም። ባለ 8 ቁጥሩ በዚህ ሰዓት ነው ዋጋው የሚታወቀው። ክንድ ያደክማል፣ አወራወሩም ውበት የለውም፤ ሆኖም ነፋሱን ሰንጥቆ ይሄዳል። ገመዱ የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛውም የተሻለ ነው። ከባድ ዓሣ ገመዱን እየጎተተ ሲሮጥ በመጠኑ የሚይዝ ጥሩ ፍሬን አለው፤ የባለ 5 ቁጥሩ ማጠንጠኛ ግን ከመንጣጣት በቀር የሚይዘው ነገር የለም፣ ዓሣውን የሚያቆመው የሰውየው መዳፍ ነው።

ባለ 8 ቁጥሩ የተሠራው ለስቲልሄድ ነው። ስቲልሄድ ቀስተ ደመና ትራውት ከሚባለው ዓሣ የተለየ ዝርያ ሳይሆን፣ በወንዝ ተወልዶ ወደ ባሕር ወርዶ ካደገ በኋላ ለመራባት ወደ ወንዙ የሚመለሰው ወገኑ ነው። በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግዛቷ ዓሣ ብላ ሰይማዋለች። ሲመለስ ብዙም ስለማይመገብ፣ አጥማጆቹ ቀኑን ሙሉ በብርድ ውኃ ውስጥ ቆመው እየወረወሩ ባዶ እጃቸውን መመለስን እንደ ደንብ ይቆጥሩታል። የጣናው ነጭ ዓሣ ከዚህ ጋር በአንድ ነገር ይመሳሰላል፤ ከዝርያዎቹ ብዙዎቹ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ለመራባት ከሐይቁ ወጥተው እንደ መገጭ፣ ድርማ፣ ርብና ጉማራ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። ነጭ ዓሣ እያልን በአንድ ስም የምንጠራቸው ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በሌላ ቦታ አይገኙም። ከእነዚህ ውስጥ 8ቱ ሌሎች ዓሦችን እያደኑ የሚበሉ ናቸው፤ በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የሌላቸው መሆኑ ነገሩን ይበልጥ ያስደንቃል። ለዝንብ አጥማጅ የሚጠቅመው እውቀት ይኸው ነው፤ ትንሽ ዓሣ መስሎ በውኃ ውስጥ የሚሳብ ነገር ካዩ ይከተላሉ።

በሳጥኑ የመጡት ዝንቦች ግን አብዛኞቹ በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ፣ የቀዝቃዛ ወንዝ በራሪ ነፍሳትን የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ያማሩ ናቸው፤ በጎርጎራ ዳርቻ ግን የሚያያቸው ቀረሶ (ቲላፒያ) እንኳ አላጋጠመኝም። ስለዚህ ዝንቡን እዚሁ መሥራት ይሻላል፤ ይህ ደግሞ ጎንደር ላይ ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። ፈረንጆቹ ለዝንብ ሥራ በውድ ዋጋ የሚገዙት ዋናው ነገር የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ነው፤ በጣም የሚፈልጉት ቀለምም እኛ ገብስማ የምንለው ነው። በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ዋዜማ በየግቢው የሚጣለውን ላባ ሰብስቦ በሳሙና አጥቦ ማድረቅ ለዓመት የሚበቃ ዕቃ ያስገኛል። የላም ጭራ ፀጉር ለጅራቱ፣ ከልብስ ሰፊ የሚገዛ ክር ለማሰሪያው ይሆናል። ከጣት የማይበልጥ ርዝመት ያለው፣ ከሆዱ ነጣ ከጀርባው ጠቆር ያለ ዝንብ ሠርቼ በባለ 8 ቁጥሩ ስወረውር ነበር ነጭ ዓሣ መያዝ የጀመርኩት። የመንጠቆውን የኋላ እሾህ በፒንሳ መደፍጠጥም እመክራለሁ፤ ዓሣውን ሳይጎዱ ለመልቀቅ ይረዳል፣ ልብስ ላይ ሲሰካም በቀላሉ ይወጣል።

መልቀቅ ያልኩት በከንቱ አይደለም። በሞተር ጀልባና በመረብ የሚካሄደው ማስገር በጣና ላይ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ ከተስፋፋ ወዲህ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ እጅግ ቀንሷል፤ ዋናው ምክንያትም ለመራባት በወንዝ አፍ ሲሰበሰብ በገፍ መያዙ ነው። ስለዚህ በክረምት መገጭ አፍ ላይ ዘንግ ይዞ መቆም፣ ዕድሉ የሰፋ ቢሆንም፣ ለኔ የሚገባ ሥራ አይመስለኝም። ለጾም ገበታ ዓሣ የሚፈልግ ሰው (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወው) ከአሥጋሪዎቹ ቀረሶ ቢገዛ በርካሽና በፍጥነት ያገኛል፤ ቀረሶ በቶሎ ስለሚራባ ሸክሙን የሚችለውም እርሱ ነው።

ከሳጥኑ የጎደለ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ትራውትና ስቲልሄድ የሚያጠምዱ ሰዎች እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪ ለብሰው ወንዝ ውስጥ ይቆማሉ፤ ስብስቡ ይህን አይጨምርም፣ ለብቻው ሲገዛም ውድ ነው። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ ስላለ በባዶ እግር ውኃ ውስጥ ገብቶ መቆም አይቻልም፣ ጉማሬም አለ። ስለዚህ ከድንጋይ ላይ ወይም ከታንኳ መወርወር ግድ ይሆናል። ታንኳ ላይ ቆሞ ይህን ያህል ረጅም ዘንግ ማወዛወዝ የታንኳ ቀዛፊውን ትዕግሥት የሚፈታተን ነገር ነው፤ ተቀምጦ፣ ገመዱን ወደ ኋላ ሳይለቁ በውኃው ላይ እያንከባለሉ መወርወር ይሻላል። ይኸው ዘዴ ከኋላ ቁጥቋጦ በሚበዛበት ዳርቻም ያገለግላል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሰሜኑን ዳርቻ የወረረው እንቦጭ ግን በየትኛውም ዘዴ አይታለፍም፤ መንጠቆው ሥሩን ከያዘ ወይ ክሩ ይበጠሳል ወይ የጫፉ ክር ቋጠሮ ይፈታል። ነፋሱ እንቦጩን ከቦታ ቦታ ስለሚወስደው፣ ትናንት ክፍት የነበረ ዳርቻ ዛሬ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። ከመነሳት በፊት ጎርጎራ ላለ ሰው ደውሎ ስለ ዳርቻውም ስለ መንገዱ ሰላምም መጠየቅ ያሻል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ እንዲህ ያሉ የጀማሪ ስብስቦች በአሜሪካ ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው ዋጋ ይሸጣሉ። በብር ሲታሰብ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ዓሣውን ሸጦ ይመልሰዋል ብሎ የሚያስብ ሰውም አይግዛው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለውና በጣና ዳር ረጅም ጠዋት ማሳለፍ የሚወድ ሰው ግን ባለ 8 ቁጥሩን ከነማጠንጠኛው ቢያስመጣ፣ የዝንቡን ሳጥን ትቶ በዚያው ገንዘብ ሁለተኛ ገመድና መካከለኛ መጠን ያላቸው ባዶ መንጠቆዎች ቢያስጨምር ይሻለዋል፤ የፀሐዩ ሙቀትና የድንጋዩ ሻካራነት የገመዱን ልባጥ ስለሚሰነጣጥቁት ከሁሉም በፊት የሚያልቀው ገመዱ ነው፣ ጎንደር ውስጥ ደግሞ ምትኩን የሚሸጥ ሱቅ እስካሁን አላገኘሁም።