አባቴን ይዤ አራት ቅዳሜ የሄድኩበት የልብ ታካሚዎች ትምህርት

መጀመሪያ ልንገራችሁ፣ ሐኪም አይደለሁም። አባቴ የልብ ድካም አለበት፣ እኔ አስታማሚው ነኝ። እዚህ ጎንደር አንድ የግል ክሊኒክ ለልብ ታካሚዎቹ ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ይሰጣል፣ አራት ጊዜ ይዤው ሄድኩ። የማመሰግነውም የማማርረውም ነገር ስላለኝ የክሊኒኩን ስም አልጠራም።

ከዚያ በፊት የነበረውን ላውራ። አባቴ እግሩ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት ሌላ ቦታ ተኝቶ ታክሞ ነበር። ሲወጣ መድኃኒቱን በፌስታል ሰጡን፣ "ጨው ቀንሱ፣ እንዳይጨናነቅ" አሉን፣ አለቀ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። እሱ "የልብ ድካም" ሲባል የገባው ልቤ ደክሟልና ላሳርፈው የሚል ነው፣ ስለዚህ ከአልጋ አልወርድም አለ። እናቴ ደግሞ ልቡ ሊቆም ነው ብላ ማዕድ ቤት ተደብቃ ታለቅሳለች። ሁለቱም የተሳሳቱት በዚያች በአንዲት ቃል ነው።

የክሊኒኳ ሲስተር የጀመረችውም ከዚችው ቃል ነው፣ እዚያው ልቤን ወሰደችው። ልብ ደም የሚገፋ ፓምፕ ነው፣ የመግፋት አቅሙ ቀነሰ ማለት እንጂ ቆመ ማለት አይደለም አለች። ከዚያ "የመስኖ ቦይ ሲደፈን ውሃው ወዴት ይሄዳል?" ብላ ጠየቀች። ከደምቢያ የመጡ አንድ አባት "ወደ ኋላ ተመልሶ ማሳው ላይ ይተኛል እንጂ" አሉ። "በቃ፣ ሳንባ ላይ ሲተኛ ትንፋሽ ያጥራል፣ እግር ላይ ሲወርድ ያብጣል" አለቻቸው። አባቴ ዞር ብሎ አየኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ታክሞ እግሩና ልቡ ምን እንደሚያገናኛቸው የነገረው ሰው አልነበረም።

ሌላው የወደድኩት ነገር፣ አስተምራ ዝም አትልም። አንድ ነገር በተናገረች ቁጥር አንዱን ትይዝና "አባቴ፣ አሁን ቤት ሲገቡ ለባለቤትዎ ምን ብለው ይነግሯቸዋል?" ትላለች። መልሰው ሲናገሩ ነው ጉዱ የሚወጣው። ስለ ሚዛን ነግራን ነበር፦ ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰው፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ በቀላል ልብስ፣ በየቀኑ በዚያው ሚዛን መመዘን፣ በሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመረ ደግሞ እብጠት እስኪታይ ሳይጠብቁ መደወል። አባቴ አንድ ሳትቀር መለሰላት። "በምን ላይ ሆነው ነው የሚመዘኑት?" ስትለው ግን ምንጣፍ ላይ፣ ጋቢውን እንደለበሰ መሆኑ ታወቀ። ጋቢው ብቻውን ስንት ይመዝናል! አዳራሹ በሳቅ ሞላ፣ እሱም ሳቀ። አሁን ሚዛኑ ሲሚንቶ ላይ ነው፣ ቁጥሩም ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካላንደር ላይ ይጻፋል።

ስለ ጨው የሰማሁት ደግሞ እኔንም አስደነገጠኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማትሞላ ማለት ነው፣ ይህ እንግዲህ ለጤነኛውም ነው። እናቴ "ወጡ ላይ ጨው መጨመር ካቆምኩ ቆየሁ" ብላ ትምላለች፣ እውነቷንም ነው። ግን በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮውም እንደዚያው፣ ዳቦውም አለበት። ሲስተሯ ይህን ስትናገር ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የደምቢያው አባት ጨርሰው "እኔማ ቡናም በጨው ነው የምጠጣ" አሉ። ምክሯ ቀላል ነው፦ በሚቀጥለው ስታስፈጩ የታማሚውን በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ለብቻው አስፈጩ፣ ጣዕሙን በነጭ ሽንኩርትና በቅመም አምጡት። እናቴ ሁለት ኪሎ አስፈጭታለች። የመጀመሪያውን ሳምንት አባቴ "ይኸ የሆስፒታል ወጥ" እያለ አኮረፈ፣ አሁን ለምዶታል።

መድኃኒት ላይ ሰው እውነቱን እንዲናገር ማድረጓን ሳላደንቅ አላልፍም። "የሽንት ኪኒኗን የምትዘሉት መቼ ነው?" አለች። "ትዘላላችሁ ወይ?" አላለችም። አንዱ ለቅሶ ስሄድ አለ፣ አንዷ አዘዞ ልጄ ጋ ስሄድ ባጃጅ ውስጥ ሽንት ይይዘኛል አሉ። አባቴም የእድር ስብሰባ ባለ ቁጥር እንደሚተዋት ያኔ ነው የሰማሁት! መዝለል ሳይሆን ሰዓቷን በጥቂት ማዘግየት ይቻል እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ አለች። ደረቅ ሳል የሚያመጣ ኪኒንም አለ፣ ኢናላፕሪል፣ ሳሉ ካስቸገረ ራሳችሁ አታቋርጡ፣ ንገሩንና ይቀየራል አለች።

ለጉልበት ሕመም ከፋርማሲ ዝም ብሎ የሚገዛውን ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ስታነሳ ደግሞ እኔ አፈርኩ። እነዚህ ውሃና ጨው ሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፣ ለልብ ድካም አይሆኑም። አባቴ ተኝቶ ከመታከሙ በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ዳይክሎፌናክ ሲውጥ ነበር። ገዝቼ የማመጣለት እኔ ነበርኩ።

ጾምና ጠበል ግን እኛ ባናነሳው ኖሮ አይነሳም ነበር፣ የመጀመሪያው ቅሬታዬ ይህ ነው። ጎንደር ላይ ለልብ ታማሚ እያስተማሩ ሁዳዴን መርሳት ምን ይባላል? ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የሽንት ኪኒን ውጦ ቅዳሴ ይቆማል፣ ከዚያ ዞሮበት ይወድቃል። አንዲት እናት ጠየቁ። መልሷ ጥሩ ነበር፦ የነፍስ አባትዎን ያማክሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ አታስጨንቅም፣ እኛ ደግሞ የመድኃኒቱን ሰዓት እናስተካክላለን። ጠበሉንም ተጠመቁ፣ ጠጡም፣ ግን ሐኪም በቀን ይህን ያህል ፈሳሽ ብሎ ከገደባችሁ ጠበሉም ከዚያው ይቆጠራል፣ ኪኒኑንም ጠበል ገባሁ ብላችሁ አትተዉ አለች። ይህ ሳይጠየቅ በመጀመሪያው ቀን መነገር ነበረበት።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ቡክሌቱ ነው። ፊደሉ ከምስር ያንሳል፣ አባቴ በመነጽርም አላነበበውም። ስዕሉ ላይ ያለው ሳልሞን የሚባለው ዓሣና አጃ ነው። ሳልሞን ከየት ይመጣል? የጎርጎራ ቆሮሶ ዓሣ አጠገባችን እያለ! ሽሮ የለ፣ እንጀራ የለ፣ ጎመን የለ። ጎንደር እኮ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶባት ተማሪዎቿ ገጠር እየወጡ ጤና ያስተምሩ የነበረባት ከተማ ናት። ለገበሬ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት እዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም፣ ሲስተሯም በአፏ ትችልበታለች፣ ወረቀቱ ላይ ነው የጠፋው።

ሦስተኛ፣ ሦስት ሰዓት ተብሎ አራት ሰዓት ይጀመራል። ትንፋሽ የሚያጥረውን ሰው አንድ ሰዓት በርጩማ ላይ ማስቀመጥ ምን ማለት ነው? ወንበር አይበቃም፣ ወጣት አስታማሚ እንደ እኔ ቆሞ ይሰማል። የሰጡን ስልክ ደግሞ እሁድ አይነሳም። አንድ እሁድ ጠዋት የአባቴ ክብደት ጨምሮ ስደውል ጠርቶ ጠርቶ ዝም። ድንገተኛ ክፍል ይዤው ሄድኩ፣ ደህና ነበር፣ ግን ደውሉ ያለ ሰው ስልክ ማንሳት አለበት።

እንቅስቃሴ ላይ አጭር ነገር ነው ያሉት። እየተራመዳችሁ ማውራት እስከቻላችሁ ሂዱ፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ ቁሙ። የጎንደር ዳገት ግን ለዚህ አይመችም፣ ስለዚህ አባቴ ከሰፈራችን ደልዳላውን መንገድ መርጦ ማታ ማታ ይሄዳል። ያ ከአልጋ አልወርድም ያለው ሰውዬ!

ዋጋው? ካርድ ላለው ታካሚ ተጨማሪ አይከፈልም። ከአምስት አራት ኮከብ እሰጣለሁ፣ አራቱም የሲስተሯ ናቸው። የምትሄዱ ከሆነ የምትውጡትን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ የጉልበቱንም ጭምር፣ እያነሳች ታያለች። ወጥ የሚሠራውን ሰውም ይዛችሁ ሂዱ፣ እኛ እናቴን የወሰድናት በሁለተኛው ቅዳሜ ነው፣ የመጀመሪያው ባክኖ ቀረ።

አባቴ አሁን የሰፈር ሐኪም ሆኗል። እድር ላይ አንዱ ሳል አላስተኛ አለኝ ሲለው "በስንት ትራስ ነው የምትተኛው?" ብሎ ጠየቀው፣ ሲስተሯ እሱን እንደጠየቀችው። ሰውዬው ሦስት አለ። ድሮ ስንት ነበር ሲለው አንድ። ሳንባው ላይ ውሃ የተኛበት ሰው ዝቅ ብሎ ሲተኛ ትንፋሽ ስለሚያጥረው ትራስ ይጨምራል። በማግስቱ እጁን ይዞ ክሊኒክ ወሰደው። የፊታችን ቅዳሜ ትምህርቱ ስለ ደም ማቅጠኛ ነው፣ ዋርፋሪን ስለሚወስዱ ሰዎችና ስለ ጎመን፣ ጎመን ክልክል ሳይሆን መጠኑ ከሳምንት ሳምንት እንዳይለዋወጥ ነው አሉ። አባቴ ዋርፋሪን አይወስድም። እሄዳለሁ ብሏል።