ጥርሷን ለሚያማት ድመት የቱን ለስላሳ ምግብ ልግዛ?

ያን ጠዋት አልረሳውም። ድመቴ ርቧታል። ቆርቆሮው ሲከፈት ድምፁን ሰምታ እግሬ ሥር ትሽከረከራለች። ምግቡን እንዳቀረብኩላት አንድ ቁራጭ አነሳች፣ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አደረገች፣ ቁራጩ ወለሉ ላይ ዱብ አለ። ደግማ ሞከረች። በሦስተኛው ጮኸችና ወደ ኋላ አፈገፈገች። ከዚያ ራቅ ብላ ተቀምጣ ሳህኑን ዝም ብላ ታየው ጀመር። አንጀቴን በላችው። የሰጠኋት ደግሞ ለስላሳ ነው ብዬ የገዛሁትን፣ በመረቅ ውስጥ ያለ ቁርጥራጭ ሥጋ ነበር።

ዛሬም ምግብ የምመርጥበት መለኪያ ከዚያ ቀን የመጣ ነው። እርጥብ የሆነ ሁሉ ለስላሳ አይደለም። አፏን የሚያማት ድመት ምግቡን በምላሷ ብቻ ልሳ መጨረስ መቻል አለባት። እንግዲህ አማራጮቹን በዚህ ዓይን እንያቸው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ለስላሳ ምግብ ሕመሙን አያድንም። የድድ ቁስል፣ የተሰበረ ጥርስ፣ ከሥሩ እየተበላ የሚሄድ ጥርስ፣ የአፍ ውስጥ ብግነት፣ ሁሉም የእንስሳት ሐኪም እጅ ይፈልጋሉ። ምግቡ እስከ ቀጠሮዋ ድረስ፣ ወይም ጥርሷ ከተነቀለ በኋላ ቁስሉ እስኪደርቅ መሻገሪያ ነው። የሰው ማስታገሻ ደግሞ በፍጹም እንዳትሰጧት፤ ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል።

ፓቴና ሙስ

እኔን ብትጠይቁኝ መነሻው ልም ያለ ፓቴ፣ ማለትም ተፈጭቶ እንደ ሊጥ የላመ ሥጋ፣ ነው። ምንም የሚነከስ ነገር የለውም። ችግሩ ሁሉም ፓቴ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። አንዳንዱ ሲገለበጥ የቆርቆሮውን ቅርጽ ይዞ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከፍሪጅ ሲወጣማ ይጠጥራል። ትንሽ ቆንጥራችሁ በሁለት ጣት እሹት። እንደ ቅቤ ከተቀባ ጥሩ ነው። ጠጣር ፍርፋሪ ከቀረበት በሹካ ደቁሱትና አንድ ሁለት ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ ጨምሩበት። ውሃው ሌላም ጥቅም አለው፦ አፏን የሚያማት ድመት ውሃ መጠጣትም ልትቀንስ ትችላለች።

ሙስ ከፓቴ ይልቅ አየር የገባበትና የሳሳ ነው፤ መደቆስ እንኳ አይፈልግም። ለግልገሎች ተብሎ የሚሠራው ግን ጉልበት ሰጪነቱ ከፍ ይላል። ድመቷ ከስታ ከሆነ ይህ መልካም ነው። ወፍራም ከሆነች ግን መጠኑን ሳትለኩ አትስጧት።

በመረቅና በጄሊ ያለው ቁራጭ

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔም ተሳስቼበታለሁ። ፓኬቱ ላይ ያለው ሥዕል ያምራል፣ ሽታውም ይጠራታል። ድመት ግን እንደኛ ምግብ አትፈጭም። መንገጭላዋ ወደ ጎን እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ እንደ መቀስ ይቆርጣል። ያንን ቁራጭ ለመቁረጥ የኋላ ጥርሶቿን መጠቀም ግድ ይላታል። በአብዛኛው የሚታመሙት ደግሞ እነሱው ናቸው።

ስለዚህ መረቁን ትልስና ቁራጩን ታጥቦ እንደ ወጣ ሁሉ አጽድታ ትተወዋለች። ሳህኑ የተነካ ይመስላል፤ እናንተም በልታለች ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ሆዷ የገባው ግን አብዛኛው ውሃ ነው። በጄሊ ያለው ይባስ ብሎ ያንሸራትታታል። እንደ ክር የተዘነጠለውም ቢሆን ረዣዥም ስለሆነ ጥርስ ላይ ይጠመጠማል። ቀድማችሁ ገዝታችሁት ከሆነ አትጣሉት። ከነመረቁ ብሌንደር ውስጥ ጨምሩት፤ ደህና ፓቴ ይወጣዋል።

ተነክሮ የለሰለሰ ደረቅ ምግብ

ዕድሜዋን ሙሉ ደረቅ ምግብ ብቻ ለበላች ድመት ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ጣዕሙን ታውቀዋለች፣ ድንገተኛ ለውጥ ሆዷን አይረብሽም፣ ወጪውም ያነሰ ነው። የፈላ ሳይሆን ለብ ያለ ውሃ አፍስሱበትና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ አንዷን ፍሬ በጣታችሁ ጨፍልቋት። ውጪዋ ለስልሶ መሐሏ እንደ ዘር ጠጣር ሆኖ ከቀረ አልደረሰም። በወተት አትንከሩት፤ ብዙ ያደጉ ድመቶች ወተት አይስማማቸውምና ያስቀምጣቸዋል።

ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አንዳንድ ድመቶች የላመውን ፍሬ አሽትተው ጥለውት ይሄዳሉ። ሁለተኛ፣ ከተነከረ በኋላ ቶሎ ይበላሻል። በአንድ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልጨረሰችው ይደፋ።

ደረቅ ካልበላች ጥርሷ ይብስባታል ብለው የሚጨነቁ አሉ። ተራው ደረቅ ምግብ የጥርሱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይሰበራል፤ ድዱ አጠገብ ያለውን ቆሻሻ አይነካውም። ለጥርስ ጽዳት ተብሎ የተሠራ ምግብ አለ፣ እውነት ነው። ግን አሁን እያመማት ላለች ድመት እሱን መስጠት ቁስል ላይ ድንጋይ መፈተግ ነው።

መጠኑ ላይ ተጠንቀቁ

ከደረቅ ወደ እርጥብ ስትቀይሩ በግራም እኩል እንዳትሰጡ። 100 ግራም ደረቅ ምግብ ከ350 እስከ 400 ካሎሪ ገደማ አለው። 100 ግራም ፓቴ ግን ከ80 እስከ 100 አካባቢ ነው፤ ሦስት አራተኛው ውሃ ነውና። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ወደ 200 ካሎሪ ትፈልጋለች። ይህ ማለት ከ200 እስከ 250 ግራም እርጥብ ምግብ ነው፤ በትንሿ የ85 ግራም ፓኬት ብታስቡት ወደ 3። አንድ ፓኬት ሰጥታችሁ ለምን ከሳች ብላችሁ አትገረሙ። ደረቁን የምትነክሩ ከሆነ ደግሞ ከመንከራችሁ በፊት መዝኑት።

የማገገሚያ ምግብና የሚላሰው ቱቦ

ሐኪም ቤት የሚገኘው የማገገሚያ ምግብ በጣም የላመና በትንሽ መጠን ብዙ ጉልበት የሚሰጥ ነው። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ላሉት የመጀመሪያ ቀናት የሚወዳደረው የለም። ለወራት የሚዘለቅበት ግን አይደለም። በቱቦ የሚሸጠው የሚላስ ምግብ በአብዛኛው መክሰስ እንጂ ምግብ አይደለም። ፓቴው ላይ ቀባ አድርጋችሁ ማባበያ አድርጉት። መለያ ጽሑፉን አንብቡ፦ "ሙሉ ምግብ" የሚለውና "ተጨማሪ ምግብ" የሚለው የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ።

ቤት የሚሠራው

አጥንቱ የወጣ የተቀቀለ ዶሮ ከራሱ መረቅ ጋር ተፈጭቶ ለሁለት ለሦስት ቀን ያሻግራል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው አይገባበትም፤ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ከሁለት ከሦስት ቀን በላይ ይህንኑ ብቻ ከበላች ግን ይጎዳታል። ሥጋ ብቻውን ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። ለልብ ጡንቻዋ የሚያስፈልጋት ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ጉዳይም አለ። ድመት ታውሪንን በሰውነቷ በበቂ መሥራት አትችልም፤ ሲቀቀል ደግሞ ውሃው ውስጥ ይወጣል። የታውሪን እጥረት የድመትን የልብ ጡንቻ እንደሚያደክም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ያሉ ተመራማሪዎች ያሳወቁት በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። ቤት እየሠራሁ ልቀጥል ካላችሁ ቅመራውን ሐኪም ያውጣላችሁ።

እኔ የመረጥኩት

ልም ያለ ፓቴ ለዕለት፣ የማገገሚያ ምግብ ለነቀላው ሰሞን። አንድ ካርቶን ሙሉ ግን ወዲያው አትግዙ። ከየዓይነቱ አንድ አንድ ትንሽ ፓኬት ወስዳችሁ ሞክሩ። ያመማት ድመት ምግቡን ከሕመሙ ጋር ታያይዘዋለች፤ ትናንት የወደደችውን ዛሬ ትጠላለች። ፓኬቱን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆይታችሁ ወደ ሰውነቷ ሙቀት፣ ወደ 38 ዲግሪ፣ ስታደርሱት ሽታው ይነሳል። ማይክሮዌቭ እዚህም እዚያም የሚያቃጥል ቦታ ይተዋልና በደንብ አማስሉት። ሳህኑም ጎድጓዳ ሳይሆን ጠፍጣፋ ይሁን።

ይህ ሁሉ ተደርጎም 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ሌላ ምግብ ፍለጋ አትውጡ፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ውሰዷት። ምግብ ያቆመች ድመት፣ በተለይ ወፍራሟ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስብ ጉበቷ ላይ ተከማችቶ ለሕይወቷ ያሰጋታል።

የኔዋ አራት ጥርስ ተነቀለላት። ሁለት ሳምንት ያህል ፓቴ ብቻ ላሰች። አንድ ማታ ከኩሽና የቅርጭጭ ድምፅ ሰምቼ ብሄድ፣ የደረቁን ምግብ ከረጢት ቀዳ እየበላች ነው።