1500 ሜትር ለማየት የሚሆን ካፌ፣ ሐዋሳ

ሐዋሳ ውስጥ ሩጫ በትልቅ ስክሪን ማየት ለምትፈልጉ፣ ሐይቁ አካባቢ ያለችው ይህቺ ካፌ አሪፍ ናት። የቶኪዮውን የዓለም ሻምፒዮና የወንዶች 1500 ሜትር ፍጻሜ መስከረም 7 ቀን 2018 ያየሁት እዚያ ነው። ፖርቹጋላዊው ኢሳክ ናደር ከኋላ መጥቶ የብሪታንያውን ጄክ ዋይትማንን በ2 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ቀደመው፤ 3:34.10 ለ3:34.12! እንዲህ ያለውን ፉክክር በስልክ ማየት ያሳዝናል። እዚህ ግን ስክሪኑ ጥርት ያለ ነው፣ መስመሩ ላይ ደረታቸውን ሲወረውሩ ሳይቀር ይታያል፣ የኮሜንታተሩም ድምፅ በሙዚቃ አይዋጥም። ማኪያቶውም ጥሩ ነው። ቅር ያለኝ አንድ ነገር፣ ኬንያዊው ሬይኖልድ ቼሩዮት 3ኛ መውጣቱን እንኳ በደንብ ሳናይ አስተናጋጁ ወደ ኳስ ቻናል ቀየረው። እባካችሁ፣ ቢያንስ ድጋሚው እስኪታይ ጠብቁን።