«አንጠጋም» ላሉን የዲንሾ አስጎብኚ

ከባሌ ከተመለስን ሦስት ሳምንት አለፈን። ምስጋናዬ የዘገየው ሥራ ውጦኝ ነው።

የምጽፈው ስለ አንድ አስጎብኚ ነው፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም። «ስሜን ፌስቡክ ላይ እንዳታወጪው» ያሉኝ ራሳቸው ናቸው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት ዲንሾ ላይ አስጎብኚውም ባለፈረሱም ሥራ የሚወጣው በተራ ነው። እንግዳ ሁሉ አንድን ሰው በስም እየጠራ ከመጣ የሌላው ተራ ይበላሻል። «ማመስገን ካማረሽ ሁላችንንም አመስግኚ» አሉኝ። እሺ ብያለሁ። እዚህ ጋሼ እያልኩ አልፋለሁ።

የእህቴ ልጅ ከሜሪላንድ መጥቶ ነበር። 14 ዓመቱ ነው። ሳፋሪ ካልሄድኩ ብሎ ነዘነዘኝ። እሱ ሳፋሪ ሲል ማሳይ ማራ ነው፣ ከላዩ ክፍት በሆነ መኪና አንበሳ ማሳደድ። እኔ የኪሴን አይቼ ባሌ አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። «አንበሳ አለ?» ሲለኝ «ሀረና ጫካ ውስጥ አለ፣ እኛ ግን የምንሄደው ለቀይ ቀበሮ ነው» አልኩት። ቀበሮ የሚለው ቃል ብዙም አላሞቀውም።

ጉዞውን ያዘጋጀሁት አዲስ አበባ ባለ አንድ ድርጅት በኩል ነው። ቀብድ ከፈልኩ። «ጥር ላይ ያን ያህል አይበርድም፣ የመኝታ ከረጢትና ድንኳን እኛ እንሰጣለን» ተባልኩ። ከረጢቱ እንደ ነጠላ የሳሳ ነበር። ድንኳኑ አንድ ዘንግ ይጎድለዋል። ይህን ያወቅሁት ዲንሾ ከደረስን በኋላ ነው፣ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዘን፣ ሲመሽ። ያኔ ለማን አቤት ይባላል!

ጋሼን ያገኘናቸው በማግስቱ ጠዋት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የጎማ ቦቲ ያደረጉ፣ ወሬ የማያበዙ ሰው። እቃችንን አዩ። ድንኳኑን ዘርግተው የጎደለውን አዩ። አንዲት ቃል አልተናገሩም። ሄደው ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ እንጨት ይዘው መጡ፣ በቢላዋ ላጡት፣ ልኩን አስገቡት። ሁለቱንም ሌሊት ያሳደረን ያ እንጨት ነው።

ከመነሳታችን በፊት ከእንግዳ ማረፊያው ጀርባ፣ ጥዱና ኮሶው ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ወንድ የደጋ አጋዘን ቆሞ አየን። ቀንዱ ጠምዘዝ ብሎ ወደ ላይ የወጣ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው። ሃያ እርምጃ ቢርቅ ነው። ልጁ ስልኩን ሲያወጣ እኔ ቦርሳዬን እበረብር ነበር። የድሮዋ አሥር ሳንቲም ከቦርሳዬ አትጠፋም፣ ጀርባዋ ላይ ያለው እንስሳ እኮ እሱ ነው! ስንት ዓመት በእጄ ስይዘው ፍየል ይሁን ድኩላ ልብ ብዬ አላውቅም። ጋሼ ሳንቲሟን አይተው ሳቁ። «ከባሌና ከአካባቢው ተራሮች ውጭ የትም አገር የለም» አሉ።

ከዚያ ወደ ወብ ሸለቆ ሄድን፣ እቃችን በፈረስ፣ እኛ ግማሹን በፈረስ ግማሹን በእግር። መንገዱን አልተርክም፣ ውብ ነው፣ ያደክማል። ሸለቆው ከ3,400 ሜትር በላይ ስለሆነ ራስ ምታት አለ። ሌሊቱ ግን ሌላ ነው። የድንኳኑ ጨርቅ ከውስጥ በረዶ ሠራ። የልጁ ጥርስ ሲንገጫገጭ ከውጭ ሰምተው ጋሼ መጡ። ቡልኳቸውን አልብሰውት፣ ከኮርቻ ሥር የሚነጠፈውን ወፍራም ጨርቅ ለኔ ሰጥተውኝ፣ እሳቸው ከባለፈረሱ ጋር በአንድ ጋቢ አደሩ። የፈረስ ላብ ሽታ እንደዚያ ይጣፍጣል ብዬ አስቤም አላውቅ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቀሰቀሱን። ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። እዚህ ላይ ነው የሰውየው ሙያ የታየኝ። እኔ ባዶ ሜዳ አያለሁ። እሳቸው ጎንበስ ብለው እንደ ጋዜጣ ያነባሉ። አንድ አዲስ የአፈር ጉብታ አሳዩን፣ አጠገቡ ትንሽ ቡናማ ወፍ ቆማለች። «ወፏን እዩ እንጂ አፈሩን አትዩ» አሉን። ወፏ የምትቆመው ከሥር ፍልፈል ሲቆፍር ነው፣ አፈሩ ሲገለበጥ ትል ታገኛለች። ጠበቅን። አፈሩ ተነቃነቀ። ከዚያ አንድ ትልቅ ጭንቅላት ብቅ አለ፣ ዓይኖቹ አናቱ ላይ የተቀመጡ፣ ጥርሱ ቢጫ። ወገቡ ድረስ ወጣና ሳሩን በአፉ ጨምድዶ የኋሊት ተመለሰ። ይኼ የባሌ ትልቁ ፍልፈል ነው፣ እስከ አንድ ኪሎ ይመዝናል፣ ከባሌ ሌላ አገር የለውም። የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብም እሱ ነው። «ፍልፈል ካለ ቀበሮ አለ» አሉ ጋሼ። የእህቴ ልጅ በዚያች ሰዓት ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ለኔ ተአምሩ ይኼ ነው።

ቀበሮዎቹ ከመቶ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ነበሩ። አምስት። ገና አልተነሱም። ጉድጓድ ውስጥ አይደለም የሚያድሩት፣ ውርጩ ላይ ተጠቅልለው፣ አፍንጫቸውን ጅራታቸው ሥር ቀብረው ነው። እኔ በሁለት ካልሲ እየተንቀጠቀጥኩ! ፀሐይ ስትነካቸው አንድ በአንድ ተነሱ፣ ተሻሹ፣ ተላፉ፣ አብረው ዞር ዞር አሉና ተበታተኑ። በቡድን ይኖራሉ፣ ፍልፈል ሲያድኑ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው።

ጥር የቡችላ ጊዜ ነው። ከድንጋዮቹ ሥር ያለው ጉድጓድ አፍ ላይ ሦስት ጥቋቁር ነገሮች ሲንከባለሉ በመነጽር አየን። ልጁ መቅረብ ፈለገ። እኔም ፈለግሁ፣ አልዋሽም። በስልክ ከዚያ ርቀት የሚነሳው ፎቶ ነጠብጣብ ነው።

«ትንሽ እንጠጋ» አልኩ።

«አንጠጋም።»

«ጋሼ፣ ሃምሳ ሜትር ብቻ። ጉርሻውን እጨምራለሁ።» አሁን ስጽፈው አፍራለሁ።

አልተቆጡም። «እህቴ፣ ብሩ ነገ ያልቃል» አሉ። «እናቲቱ ከደነገጠች ዛሬ ማታ ቡችሎቿን አንድ በአንድ ባፏ አንጠልጥላ ሌላ ጉድጓድ ትፈልጋለች። ሌሊቱን አይተሽዋል።»

ምን እመልሳለሁ? ሳሩ ላይ ተቀመጥን። ሁለት ሰዓት ያህል። ሻይ ከፔርሙስ ቀዱልን። ከዚያ አንዷ ሴት ከሩቅ በሶምሶማ መጣች። ቡችሎቹ ሮጠው አፏን መላስ ጀመሩ፣ አጎነበሰችና የዋጠችውን አስመለሰችላቸው። «እናታቸው ናት?» አለ ልጁ። «አይደለችም» አሉ። በአንድ መንጋ የምትወልደው አንዷ ብቻ ናት፣ ሌሎቹ ያሳድጋሉ። ልጁ ዝም አለ። ቆይቶ ወደኔ ዞሮ «ልክ እንዳንቺ» አለኝ። በዚያ ብርድ ዓይኔን ውሃ ሞላው፣ ንፋሱ ነው ብዬ ጠረግኩት።

የቀበሮዎቹን ታሪክ የነገሩን ማታ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው በአጭሩ። በኦሮምኛ ጄዳላ ፈርዳ ትባላለች፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ልትወልድ የደረሰች ባዝራ ተከትላ እንግዴ ልጇን ስለምትበላ ነው። በ1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች ተዛምቶ ወብ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ጨረሰ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። አሁን የመንደር ውሾች ይከተባሉ፣ ለቀበሮዎቹም በሥጋ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት አለ። «የኔ ውሻ የክትባት ካርድ አላት፣ እኔ የለኝም» አሉ። ከአፋቸው የሰማሁት ብቸኛ ቀልድ ይኼ ነው።

እንከን የላቸውም አልልም። ሲራመዱ ሰው አለ አይሉም፣ ተራራውን እንደ በረንዳ ነው የሚወጡት። ምሳ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የበላንበት ቀን አለ። የወሬ ሰው ከፈለጋችሁ ከባለፈረሱ ጋር ሂዱ፣ እሱ አያቆምም።

ለመሄድ የምታስቡ፣ ከመሐል ሰው ጋር አትድከሙ። ቀጥታ ዲንሾ ፓርኩ ቢሮ ግቡ፣ መግቢያ እዚያው ይከፈላል፣ አስጎብኚና ፈረስም እዚያው ይገኛል። ተራው የደረሰው ማንም ይሁን ማን ሂዱ። ያገኘናቸው ሌሎቹም ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው። ዋጋ ስለሚቀያየር እዚያው ጠይቁ። ወፍራም የመኝታ ከረጢት፣ ጓንት፣ የፀሐይ ቅባት የግድ ነው። ድንኳናችሁን ደግሞ ቤታችሁ ዘርግታችሁ ቁጠሩት። እዚያው ፓርኩ ውስጥ ያለው ሰነቲ አምባ ላይ ቀጥታ በመኪና መውጣትም ይቻላል፣ መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ያልፋል፣ ቀበሮም ይታያል። ድንኳን የማይሆንላቸው ወላጆች ያሏችሁ እሱን ምረጡ።

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት ገለቶማ። ልጁ ሜሪላንድ ገብቷል። ያችን ነጠብጣብ የሆነች ፎቶ አሳትሞ ግድግዳው ላይ ሰቅሏል፣ ጓደኞቹ ምን እንደሆነች አይገባቸውም አሉ። ለእርስዎና ለባለፈረሱ ያሳተምኳቸውን ፎቶዎች ማክሰኞ በሮቤ አውቶብስ ልኬያለሁ፣ ዲንሾ ሲደርስ ፓርኩ በር ላይ ይጥልልዎታል። ፖስታው ውስጥ አዲስ ቡልኮም አለ። የድሮውን ልጁ ይዞት ሄዷል፣ ይቅር ይበሉን።