የአሜሪካ የአነስተኛ ንግድ ሳምንት፦ ከሽልማቱ ይልቅ ምክሩ

በአሜሪካ በየዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሜይ ወር መጀመሪያ አካባቢ፣ የአነስተኛ ንግድ ባለቤቶችና የሥራ ፈጣሪዎች ብሔራዊ ሳምንት ይከበራል። እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ሳምንቱ በፕሬዚዳንቱ አዋጅ ሲሰየም የቆየ ሲሆን፣ አዘጋጁ በ1953 የተቋቋመውና በአጭሩ ኤስቢኤ የሚባለው የፌዴራሉ የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር ነው። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በንግድ ከሚተዳደሩ ወገኖቻችን ጋር ሆኜ ዝግጅቱን ስከታተል ቆይቻለሁ። ይህን የምጽፈውም ለባለ ሱቁ፣ ለምግብ ቤቱና ለባልትና ሥራ ባለቤት በእርግጥ የሚጠቅመው የትኛው ክፍል እንደሆነ ለመለየት ነው።

ብዙ የሚወራለት ሽልማቱ ነው። ከየስቴቱ የዓመቱ ምርጥ የአነስተኛ ንግድ ባለቤት ይመረጣል፤ ከእነዚህም መካከል የአገር አቀፉ አሸናፊ ይታወቃል። ከትንሽ ተነስተው ብዙ ሠራተኛ የቀጠሩ ሰዎች በአደባባይ ሲመሰገኑ ማየት ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም የወሩን ኪራይ እያሰላ ለሚከታተል ነጋዴ ከማበረታቻነት አያልፍም።

ሁለተኛው ክፍል ስኮር ከተባለው የበጎ ፈቃድ አማካሪዎች ድርጅት ጋር በኢንተርኔት የሚካሄደው የሁለት ቀን ጉባኤ ነው። አስቀድሞ መመዝገብ እንጂ ክፍያ የለውም። ስለ ብድር፣ ስለ ገበያ፣ ከመንግሥት ጋር ስለ መዋዋልና ራስን ከኢንተርኔት ማጭበርበር ስለ መጠበቅ ትምህርት ይሰጣል። በእኔ ግምት ስለ ብድርና ስለ መንግሥት ጨረታ የሚሰጡት ትምህርቶች ጊዜ ሊሰጣቸው የሚገባ ናቸው። የስፖንሰር ኩባንያዎች ገለጻ ግን አንዳንዴ ከትምህርትነት ይልቅ ምርታቸውን ወደ ማስተዋወቅ ያዘነብላልና መርጦ መከታተል ይበጃል።

ለእኛ ማኅበረሰብ የሚከብደው ጊዜው ነው። ጉባኤው የሚካሄደው በሥራ ቀናት፣ በቀን ሰዓት ነው፤ ምጣድ ላይ የቆመች ወይም ብቻውን ሱቅ የከፈተ ሰው በዚያ ሰዓት ኮምፒውተር ፊት ሊቀመጥ አይችልም። በ2024 ደግሞ ሳምንቱ ከኤፕሪል 28 እስከ ሜይ 4 ስለዋለ ከሆሣዕና ጀምሮ ከሰሞነ ሕማማት ጋር ገጠመ። ማግስቱ ፋሲካ ነበር። በርበሬ፣ ቅቤና እንጀራ የሚሸጡ ሰዎች ከዓመቱ ሁሉ የሚበረታ ገበያ ያላቸው በዚያው ሰሞን መሆኑን ለሚያውቅ፣ ስንቶቹ ሊከታተሉ እንደሚችሉ መገመት አያዳግትም። የማኅበረሰብ ማኅበሮቻችንና አብያተ ክርስቲያኖቻችን በአማርኛ የማጠቃለያ ምሽት ቢያዘጋጁ ትልቅ ውለታ ይሆናል።

በእውነት የምመሰክርለት ግን ሳምንቱ የሚያስተዋውቀውን፣ ዓመቱን ሙሉ ግን የሚቀጥለውን ነፃ ምክር ነው። ስኮር ከ1964 ጀምሮ በንግድ ዓለም ልምድ ያካበቱ፣ ብዙዎቹም ጡረታ የወጡ ሰዎችን ከነጋዴዎች ጋር ያገናኛል። እንጀራና ባልትና ለሱቆች የሚያከፋፍሉ አንዲት እናትን ለማስተርጎም አብሬ ተቀምጬ ነበር። አማካሪው ሰውዬ ስለ ዕቅድም ሆነ ስለ ራእይ አላነሣም፤ የአንድ ከረጢት እንጀራ ወጪ በወረቀት ላይ አንድ በአንድ እንዲጻፍ ጠየቀ። የጤፉ ዱቄት፣ የሚደባለቀው ዱቄት፣ መብራቱ፣ ከረጢቱ፣ የመኪናው ነዳጅ፣ ሳይሸጥ የሚመለሰው ሁሉ ተጻፈ። ከዚያ «እርስዎስ ለሚሠሩበት ሰዓት ስንት ይከፈልዎታል?» አለ። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው «ለራሴ ደግሞ ምን እከፍላለሁ ልጄ?» አሉኝ። ሰውዬው ግን አልተወውም፤ ሌሊት የሚነሡበት ሰዓት በሠራተኛ ደመወዝ ተሰልቶ ሲገባ፣ ከሁሉም የሚበልጥ ብዛት የሚወስደው ደንበኛቸው ትርፍ የማይገኝበት ሆኖ ተገኘ። እናታችን ለዚያ ደንበኛ አዲስ ዋጋ ጽፈው፣ ሌላ ቀጠሮ ይዘው ወጡ። ለእንዲህ ያለው ምክር ሌላ ቦታ ብዙ ገንዘብ ይጠየቅበታል።

ስለ ብድርም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ በሳምንቱ የሚነገረውን ሰምተው መንግሥት ገንዘብ ያድላል ብለው የሚያስቡ ስላሉ። ኤስቢኤ በመደበኛው ጊዜ ለነጋዴው በቀጥታ አያበድርም፤ ሰቨን ኤ በሚባለው ዋና ፕሮግራሙ ባንኩ የሚሰጠውን ብድር በከፊል ዋስ ይሆናል። ጣሪያው 5 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ በተለመደው አሠራር ዋስትናው እስከ 150 ሺህ ዶላር ለሆነ ብድር እስከ 85 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው እስከ 75 በመቶ ይደርሳል። ዕዳው ግን ዕዳ ነው፤ ተበዳሪው ሙሉውን ይከፍላል። ለጀማሪ የሚቀርበው እስከ 50 ሺህ ዶላር የሚደርሰው አነስተኛ ብድር ነው፤ ይህም በትርፍ አልባ ድርጅቶች በኩል ይሰጣል። በቨርጂኒያ አርሊንግተን በ1983 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ድርጅት፣ በእንግሊዝኛ አጠራሩ ኢሲዲሲ፣ ኢንተርፕራይዝ ዴቨሎፕመንት ግሩፕ በተባለው ክፍሉ በዚህ የብድር ሥራ ተሰማርቷል። የባለቤቶችን ዜግነትና የመኖሪያ ፈቃድ የሚመለከቱት የብድር ደንቦች ከ2025 ወዲህ ስለጠበቁ፣ ለማመልከቻ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ይህን ጥያቄ ማስቀደም ግድ ነው።

በአጠቃላይ ዝግጅቱን ከልብ እመክራለሁ፤ ቅደም ተከተሉን ግን እገለብጠዋለሁ። ሳምንቱ ከመድረሱ በፊት ከአማካሪ ጋር ቀጠሮ ይያዝ፤ ያለፈው ዓመት የግብር ሰነድ፣ የሦስት ወር የባንክ መግለጫና የኪራይ ውሉ ይዘጋጅ፤ ከጉባኤው አንድ ወይም ሁለት ትምህርት ይመረጥ። እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰው የንግድ ቃላት የሚያውቅ አስተርጓሚ ይዞ ይሂድ፤ ልጆችን ለዚህ ማስቀመጥ ለልጁም ለወላጁም ይከብዳል፣ ስለ ዕዳና ስለ ገቢ በነፃነት መናገርም አይቻልም።