ክዳን ሥር ነጭ ነገር አይተው ሞተር እንዳይፈቱባችሁ

"የቴስታታ ጋስኬትሽ ተቃጥሏል" ተብላችሁ መኪናችሁን ጋራዥ ልታስገቡ ከሆነ፣ ይቺን ሳታነቡ ቁልፉን አትስጡ። ጋስኬት የሚሉት በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) እና በታችኛው አካል መሃል ገብቶ ውሃና ዘይቱ እንዳይደባለቁ የሚያሽገው ነው። ከጋራዡ መመለሴ ነው። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ቃል ቢያመልጠኝ እለፉኝ።

ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ኮፈኑ ሳይከፈት ራሱን መነቅነቅ የሚጀምረውን። "ከዚህ በፊት ማነው የነካካት?" የሚለውን። ስታስረዱት ስልኩን እያየ "እሺ፣ እሺ" የሚለውን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እህቴ፣ ላስደነግጥሽ አልፈልግም ግን..." ሲል አለቀላችሁ ማለት ነው።

የሄድኩት ለትንሽ ነገር ነበር። ኩላንቱ፣ ማለትም የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ፣ ቀስ እያለ ይጎድላል። እሞላለሁ፣ ይወርዳል። መሬት ላይ የሚታይ ጠብታ የለም። የሙቀት መለኪያው ከቦታው ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ጉልበቷም ያው ነው። መንገዴ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት እንደሆነና በጣም አጭር እንደሆነም ጭምር ነገርኩት። ይሄ ነገር በኋላ ስለሚመጣ ያዙልኝ።

የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታና ገልብጦ ዓይኔ ሥር አመጣው። ውስጡ ላይ ክሬም የመሰለ ነጭ ነገር ተለጥፏል። በጣቱ ጠረገና ለረዳቶቹ አሳያቸው። "አያችሁ? ውሃና ዘይት ተደባልቋል። ጋስኬቱ አልቋል።" ወደ እኔ ዞሮ፣ "ዛሬ ካልተፈታ ሞተሩን ትቀብሪዋለሽ" አለኝ። አንደኛው ረዳት ሳቀ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ እንኳ ስቦ አላየም። እጁ ርቀት ላይ እኮ ነው! ራዲያተሩንም በግፊት አልፈተነም። ጣቱ ላይ ያለችው ነጭ ነገር ምርመራም፣ ማስረጃም፣ ፍርድም ሆነች።

ቴስታታው ወረደ። ቶርኖ ቤት ሄዶ ተመለሰ። አዲስ ጋስኬት፣ አዲስ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ኩላንት፣ የእጅ ዋጋ። ስንት እንደሆነ አልጠራም፤ ስጠራው ያመኛል።

ብዙም ሳይቆይ ኩላንቱ መጉደል ጀመረ። ልክ እንደ በፊቱ። የዘይቱን ክዳን ፈትቼ ሳይ ደግሞ ያው ነጭ ክሬም ተመልሶ ቁጭ ብሏል። በአዲስ ጋስኬት! ብቻዬን ብሄድ እንደማይሰማኝ ስላወቅኩ ወንድሜን ይዤ ሄድኩ።

እንግዲህ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ክዳኑን ፈትቼ አሳየሁት። ያው ክዳን፣ ያው ነጭ ነገር፣ ያው ሰውዬ። አየት አደረገው። ኪሱ ካለው ጨርቅ ጫፉን አውጥቶ ጠረገና ክዳኑን መልሶ አሰረው። ከዚያ፣ ለእኔ ሳይሆን ለወንድሜ፣ "ይሄ እርጥበት ነው። አጭር አጭር መንገድ ስትነዳ ይመጣል። ኖርማል ነው፣ አታስብ በላት" አለው።

ወንድሜ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለውም።

"ባለፈው ይሄንኑ እያሳየኸኝ አይደል እንዴ ጋስኬት ነው ያልከኝ?" አልኩት።

"ያኛው ሌላ ነበር።"

"ምኑ ነው ሌላ?"

"እህቴ፣ መካኒክ ነሽ?"

ያ ሳቂታው ረዳት አሁንም ሳቀ። ኩላንቱስ ለምን ይጎድላል ብዬ ስጠይቅ፣ "ሞተር ሲያረጅ ትንሽ ውሃ ይጠጣል" ብሎኝ ሌላ መኪና ሥር ገባ። ከዚያ በኋላ ያነጋገርኩት ጫማውን ነው። የድሮውን ጋስኬት አሳዩኝ ብልም "ተጥሏል" ተባልኩ።

ይበልጥ የሚያናድደው ለወንድሜ የነገረው ነገር እውነት መሆኑ ነው። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጥራል። አንድ ሊትር ቤንዚን ተቃጥሎ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣዋል። አብዛኛው በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) ይሄዳል። ጥቂቱ ግን በፒስተኑ ፋሻ (ፒስተኑን በዙሪያው በሚያሽገው ቀለበት) በኩል ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት ይወርዳል። ዘይቱ በደንብ ከሞቀ ተንኖ በሞተሩ መተንፈሻ ይወጣል። መንገዱ አጭር ሲሆን ዘይቱ ሳይሞቅ ሞተሩ ይጠፋል፤ እንፋሎቱም ቀዝቃዛው ክዳን ላይ ጠብታ ይሠራና ከዘይት ጋር ተመትቶ ይነጣል። በተለይ በብርድ ጊዜ። ሰውዬው ይህን ያውቃል። መንገዴ አጭር እንደሆነም መጀመሪያውኑ ነግሬዋለሁ። ባያውቅ ኖሮ ይቅር እለው ነበር።

ኩላንት ከምር ዘይት ውስጥ ሲገባ ክዳኑ ላይ ብቻ አይቀርም። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ይደፈርሳል፣ ቀለሙም ይለወጣል፤ መጠኑም ሳትሞሉት ሊጨምር ይችላል። ሞተሩ ውስጥ ገብቶ የሚቃጠል ከሆነ ደግሞ፣ መኪናው ከሞቀ በኋላም ቢሆን ማርሚታው ጣፋጭ ሽታ ያለው ወፍራም ነጭ ጭስ ያወጣል። ጠዋት ሲነሳ ታይቶ ሲሞቅ የሚጠፋው ተራ እንፋሎት ነው። ጋስኬቱ ያለቀ ሞተር አንዳንዴ ገና ከመነሳቱ የራዲያተሩ ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦው) ይወጠራል፣ ኩላንቱ ውስጥም አረፋ ይታያል። የኔዋ ላይ ከእነዚህ አንዱም አልታየም። ማንም ግን አልፈለገውም።

ሌላ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ትንሽ ቤት ናት፣ ሰውዬውም ብዙ አያወራም። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ አስጠበቀኝ። ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን አንስቶ በቦታው መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ ገጠመ። ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ነፋ፤ የብዙ መኪና አንድ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። ቆመን መርፌውን አየን። ቀስ እያለች ወረደች። ባትሪ አብርቶ ጎንበስ አለና "ነይ እይ" አለኝ። ይታያችሁ፣ ለእኔ!

የውሃ ፓምፑ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለች። የፓምፑ ውሃ ማገጃ (ሲል የሚሉት) ሲያልቅ ውሃው እንዲወጣባት ሆን ተብላ የተሠራች ናት። ከእሷ ኩላንት ይንጠባጠባል። ዙሪያዋ የኩላንቱን ቀለም የያዘ ደረቅ ቅርፊት ሠርቷል፤ ማለትም ነገሩ የቆየ ነው። መሬት ላይ የማይታየው ጠብታው ትኩስ ብረት ላይ እየደረቀ ስለሚቀር ነው። እነዚያ ቴስታታውን ሲያወርዱ አፍንጫቸው ሥር ነበረች።

ፓምፑ ተቀየረ። ኩላንቱ ካለበት አልወረደም። ነጩ ነገር ግን አሁንም ብቅ ይላል፤ ዘይቱ በደንብ እስኪሞቅ ረዘም ያለ መንገድ ስነዳ ይጠፋል።

ምክር ካላችሁኝ፣ "ጋስኬት ነው" ሲሏችሁ የግፊት ፈተናው ይሠራ በሉ። ሌላም አለ፤ ራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረግ ሰማያዊ ፈሳሽ ነው። ከሲሊንደር (ቤንዚኑ ከሚቃጠልበት ክፍል) የሾለከ የተቃጠለ ጋዝ ካገኘው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ሁለቱም ሞተር ሳይፈታ የሚሠሩ ናቸው። እኔ ላይ ቀድሞ ቢደረግ ኖሮ ይሄን ጽሁፍ አታነቡም ነበር። አሁንማ ጋስኬቱ አዲስ ስለሆነ ፈሳሹ ስለ ድሮው ምንም አይነግረኝም። ራሳችሁ ስታዩ ደግሞ ሞተሩ ትኩስ እያለ የራዲያተሩን ክዳን አትንኩ፤ ፊት ያቃጥላል።

የመጀመሪያው ጋራዥ የሰጠኝ ደረሰኝ እጄ ላይ አለ። "የሞተር ጥገና" ይላል። ምን እንደተገኘ፣ ምን እንደተቀየረ አንድ ቃል የለውም። እናንተ ከመፈታቱ በፊት በምን ፈተና እንዳወቁት አስጽፉ። አሮጌውን ዕቃም ይዛችሁ ውጡ፤ "ተጥሏል" ካሏችሁ የት እንደተጣለ ጠይቃችሁ አስመጡ።