ዘይት የሚያፈስ ሞተር ላይ የተሞከረ አብሪ ቀለም

ዕቃው በአንድ ፓኬት የሚሸጥ ነው፦ ትንሽ ጠርሙስ ቀለም፣ ወይን ጠጅ ብርሃን የምትሰጥ የእጅ ባትሪ እና ቢጫ መነጽር። ቀለሙን የሞተር ዘይት ውስጥ ጨምራችሁ ትነዳላችሁ። ከዚያ ጨለማ ቦታ አቁማችሁ በባትሪዋ ስታዩት፣ ዘይቱ የወጣበት ቦታ አረንጓዴ ወደ ቢጫ ያበራል። ፍርዴን ላስቀድም፦ ቀለሙ ጎበዝ ነው፣ ባትሪዋ ሰነፍ ናት፣ መነጽሩ ለፎቶ ነው።

ለምን ገዛሁት? ያገለገለ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል አለኝ። ሲነሳ አያስቸግርም፣ አያጨስም፣ ማርሹም ለስላሳ ነው። ዘይት ግን ያንጠባጥባል፣ በግራ በኩል ከስር። ያየው ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው ዘይት ማፍሰሻው ብሎን ላይ ነው፤ ጠብታው እዚያ ተንጠልጥሎ ይታያላ። ሮንደላው ተቀየረ፣ ያው ነው። ቀጥሎ አንድ ጋራዥ ካቴናውን የሚጎትተውን የፊት ጥርስ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘውን የላስቲክ ቀለበት፣ ባጭሩ «ሲል») ቀይሮ «አለቀ» አለኝ። አላለቀም። የቀድሞው ባለቤት ደግሞ በየመጋጠሚያው ሲሊኮን ለቅልቆበታል። የቱ አዲስ ፍሳሽ፣ የቱ አሮጌ እንደሆነ በዓይን አይለይም። (ሲሊኮን ማብዛት በራሱ ጣጣ ነው። ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርጦ ዘይቱ ውስጥ ይወድቅና ማጣሪያውን ይደፍናል።)

ዘይት ከወጣበት ቦታ አይቀመጥም። በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል፣ ስትነዱ ደግሞ ንፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከቫልቭ ክዳኑ የወጣ ዘይት ከኮፓው (ከሞተሩ የታችኛው ዘይት መያዣ) ስር ተንጠልጥሎ ልታገኙት ትችላላችሁ። ስለዚህ የሚፈለገው ከእርጥቡ ቦታ ሁሉ ከፍ ያለውና ወደ ፊት የቀረበው ነው።

ወደ አጠቃቀሙ ልምጣ። መጀመሪያ ሞተሩን ቅባት በሚያነሳ ፈሳሽና በብሩሽ መፈተግ ነው። ይህን ካልሠራችሁ ቀለሙን አትጨምሩ፣ ገንዘብ ማባከን ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ልክ ለመኪና፣ ለ4 ሊትር ዘይት የተሰላ ነው። የኔ ሞተር የሚይዘው 1 ሊትር ገደማ ስለሆነ ሩቡ በቃው። መመሪያው ዝም ያለው ሌላም ነገር አለ። በብዙ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮኑ የሚሠራው እዚያው የሞተር ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የሚል (ለእንዲህ ያለ ፍሪሲዮን የሚሆን የዘይት ደረጃ ነው) ዘይት የምንፈልገውም ለዚህ ነው። የማይሆን ነገር ከተጨመረበት ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። በኔ ላይ ምንም አልታየም። ግን ለሞተር ሳይክል ይሆናል አይሆንም የሚል አንድ መስመር መጻፍ ምን ይጎዳቸው ነበር?

ከአጭር ጉዞ በኋላ መብራት አጥፍቼ አየሁ። የቫልቭ ክዳኑ ደረቅ። የሲሊንደሩ የስር ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያው ማሸጊያ) ደረቅ። የጥርሱን መሸፈኛ ስፈታ፣ ያ ሁሉ ከተፈተገ በኋላ እንኳ ጠቆር ያለ ቅባት ተረጭቶበታል። ግን አያበራም። ለካ የካቴና ቅባት ነው! ካቴናው ሲሽከረከር የሚወረውረው። የተቀየረው ሲልም ደረቅ ነበር። ከሱ ዝቅ ብሎ ግን፣ የማርሽ ፔዳሉ ዘንግ ከሞተሩ በሚወጣበት ቦታ፣ ዙሪያውን ቀጭን አረንጓዴ ቀለበት አለ። ከቀለበቱ አንድ መስመር ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ማፍሰሻው ብሎን ይወርዳል። ለዚህች ደቂቃ ብቻ ስል ለቀለሙ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ። የሞተር ዘይትንና የካቴና ቅባትን እንዲህ የሚለይ ዓይን የለኝም።

ለምን እንደሚፈስ ግን ጠርሙሱ አይነግራችሁም። እርጅና ሲልን ያደርቃል፣ ያ አንድ ነው። ሌላው ግፊት ነው። ፒስተኑ ሲወርድ ከስሩ ያለውን አየር ይገፋል፤ በፒስተኑ ቀለበቶች ሾልኮ የሚያልፍ ጋዝም ይጨመርበታል። ይሄ ሁሉ የሚወጣበት የመተንፈሻ ቱቦ አለ። ቱቦው ከተዘጋ ግፊቱ ደካማውን ሲል ፈልጎ ዘይቱን በዚያ ያስወጣዋል። አዲስ ሲል ብታስገቡም ውሎ አድሮ ያው ይሆናል። የኔን ቱቦ ተከትዬ ስሄድ ከሞተር ሳይክሉ ባትሪ ሳጥን ኋላ ተጨፍልቆ አገኘሁት። ሳጥኑን ፈትቶ የመለሰ ሰው ላዩ ላይ አስሮበታል። ውስጡም ዘይትና ውሃ ተደባልቆ ቅቤ የመሰለ ዝቃጭ ይዟል።

ቱቦውን በአዲስ ቀየርኩ፣ መንገዱንም አስተካከልኩ። የፔዳሉ ዘንግ ሲል በኔ ሞተር ከውጭ ስለሚወጣ ሞተሩን መክፈት አላስፈለገም። አሮጌውን ስታወጡ ዘንጉን እንዳትጭሩት። የአዲሱን ከንፈር ዘይት ቀቡት። የዘንጉ ጫፍ ጥርስ ስላለው በስስ ፕላስቲክ ጠቅልሉት፣ አለበለዚያ ላስቲኩ ገና ሲገባ ይቀደዳል።

ድጋሚ ስታዩ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ቀለሙ በቀላሉ አይለቅም። ጥግ ላይ የቀረ ቅሪት አዲስ ፍሳሽ መስሎ ያስደነግጣል። ስታጸዱም ባትሪዋን እያበራችሁ አጽዱ። ዘይቱን የቀየርኩት ቦታው መድረቁን ካየሁ በኋላ ነው።

የእጅ ባትሪዋ ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 395 ናኖሜትር ነው። ብርሃኗ ራሱ ለዓይን ስለሚታይ ሞተሩን ሁሉ ወይን ጠጅ ታደርገዋለች፣ ደካማው ፍሳሽም በዚያ ውስጥ ይጠፋል። መነጽሩ ይህን ወይን ጠጅ መቁረጥ ነበረበት፤ የኔው ግን በጣም ስስ ስለሆነ ልዩነቱ እምብዛም ነው። 365 የተጻፈባቸው ባትሪዎች ይሻላሉ። የትኛዋንም ቢሆን በቀጥታ ወደ ዓይን አታብሩ።

ሞተራችሁን ገና ማንም ካልመረመረው ይህን ፓኬት አትግዙ። አጽዱት፣ አድርቁት፣ የሕፃን ፓውደር ነስንሱበትና ትንሽ ነድታችሁ ተመልከቱ፤ ፓውደሩ የረጠበበት ቦታ ብዙውን ጊዜ በቂ መልስ ይሰጣል። ሮንደላና ሲል ተቀይሮ ጠብታው እምቢ ካለ ግን ቀለሙ ዋጋውን ያወጣል። ቀለሙን ብቻውን ካገኛችሁት እሱን ውሰዱ፣ ባትሪዋን ለብቻ ግዙ።